ጤነኛ የማያውቅ ማሽን

ልጄ አዝመራዬ፣ አንድ ሰው ነበረ። ላብራቶሪያችን አዲስ መመርመሪያ ሊገዛ ነው፣ ሻጩም ይዞት መጥቷል፣ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት የማሽን ነገር ምን አውቄ። ብቻ የሰውየውን ነገር ስሚኝ።

ይህ ሰው በአንዲት የገበያ ከተማ ክሊኒክ ነበረው። ታይፎይድ ያገኛል የተባለ የደም መመርመሪያ ማሽን አስመጣ፤ እውነትም ያገኝ ጀመር። ራሱን ያመመው ይመጣል፣ ታይፎይድ። ወገቡን የቆረጠመው ይመጣል፣ ታይፎይድ። ሰውም ወደደው። የሰውን ጠባይ ታውቂው የለ፤ ታምሞ ሄዶ «ምንም የለብህም» ሲባል ይከፋዋል፣ በደንብ አላዩኝም ይላል። እዚህ ግን በሽታው ሳይነገረው የሚመለስ የለም። ማሽኑ ምንም አያመልጠውም እየተባለ ከሩቅ ሁሉ ይመጡለት ነበር። ሰውየው ራሱም ይህንኑ አመነ።

ሲውል ሲያድር ሚስቱን ትኩሳት ጣላት። ደሟን ቀድቶ ለማሽኑ ሰጠ። ታይፎይድ አለ። ሰውየው እፎይ አለ፤ መድኃኒቱ በእጁ ነዋ። መርፌውን ይዞ ሲጠጋት ከትራሷ ቀና አለችና፣

«ጎረቤታችንን ታይፎይድ፣ የንስሐ አባቴን ታይፎይድ፣ አሁን ደግሞ እኔን። ምነው፣ ማሽንህ ሌላ ቃል አልተማረም እንዴ?» አለችው።

ለቀልድ ነበር ያለችው። የሱ እጅ ግን ባለበት ቀረ። ማሽኑ «የለበትም» ያለው ሰው ይኖር እንደሆን ቢያስብ ቢያስብ አንድም ትዝ አልለው አለ። ወደ ማሽኑ ተመልሶ የገዛ ጣቱን ወጋ። እሱ ጤነኛ ነው፤ ጠዋት እንኳ ቁርሱን ጥርግ አድርጎ በልቶ ነው የወጣው። ማሽኑ ፊት ቆሞ ጤነኛ ነህ እንዲለው ለመነ። ለራሱ ፈርቶ እንዳይመስልሽ፤ የሚስቱ ውጤት እውነት እንዲሆንለት ነው።

ታይፎይድ አለው።

መርፌውን አስቀመጠ። ሚስቱን አቅፎ፣ መኪና ለምኖ ሆስፒታል አደረሳት። ወባ ነው፣ ወደ ጭንቅላቷ ሊወጣ ነበር፣ ትንሽ ብትዘገይ አታገኛትም ነበር አሉት። ተመስገን፣ ተረፈች። እሱ ግን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ እጁን እየሳሙ ያመሰገኑትን ሰዎች ፊት እያስታወሰ፣ እነሱን ያመማቸው ምን ነበር ይሆን ሲል ዋለ።

እና ልጄ፣ ሻጩ የታመመ ሰው ደም ያቀርብልሽና «ይኸው፣ አገኘው» ይልሻል። አንቺ መታመሙን የምታውቂውንም፣ ጤንነቱን የምታውቂውንም ሰው ደም አቅርቢ፤ የቱ የማን እንደሆነ ለሻጩ አትንገሪው። ሁለቱን ካልለየ ይዞት ይሂድ። በሰፈራችን ያገኘችውን ሁሉ «ምነው ከሳሽ» የምትል ሴት አለች አይደል? የወፈረችውንም፣ ያማረባትንም፣ ከሳሽ ነው። የሰውየው ማሽን እሷን ነው የሚመስለው። ዛሬ ከሳሽ ብትልሽ ስቀሽ ታልፊያለሽ። የእውነት የከሳሽ ቀንስ፣ ስትነግርሽ ታምኛታለሽ?