አፉን በቤቱ ጠላ የሚጉመጠመጥ ቀማሽ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጠላ ቀማሽ ሆኖ ለመሾም የፈተና ቀን የተቆረጠለት። አንተ ነገ ለሽምግልና ልትቀመጥ ነውና «ለመፍረድ ምን ልዘጋጅ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እንግዲያው ይህን ስማ።

በዚያ ሰው አገር ጠላ ለገበያ የሚወጣው ቀማሹ ሲፈቅድ ነው። ቀማሹ «አይሆንም» ያለው ጋን ከነሙሉው መንገድ ላይ ይደፋል። በዚያ ጋን ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ብትኖርም ይደፋል። ቀላል ሹመት እንዳይመስልህ።

ሰውየው ለፈተናው ሲል ያልዞረበት ጠላ ቤት የለም። ጌሾ የበዛበትን፣ ብቅል ያነሰውን፣ አሻሮው ያረረውን በአንድ ጉንጭ መለየት ቻለ። ታዲያ አንድ ልማድ ነበረው። ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ የፊተኛው ጣዕም እንዳይከተለው፣ ከቤቱ በቅል በያዘው ጠላ ይጉመጠመጥ ነበር። የገዛ ቤቱ ጠላ ለእሱ እንደ ውሃ ነበራ!

በዚህ መሀል የአንዲት መበለት ጠላ ቀመሰና «ይሄ አንድ ነገር ይጎድለዋል» አለ። ገና ሳይሾም ቃሉ ታመነለት። ደንበኞቿ ሸሹ፤ እሷም ጋኗን በገዛ እጇ ደፋች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኟ በጠመቃ ያረጁ ሴት ነበሩ። ከመጋረጃ ጀርባ እያስቀዱ በዋንጫ ሰጡት። የመጀመሪያውን «ጌሾው በዝቷል» አለ፤ ልክ ነበር። ሁለተኛውን «አሻሮው አርሯል» አለ፤ አሁንም ልክ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ሦስተኛውን ግን ጭልጥ አድርጎ ጢሙን ጠረገና «ጠላ ማለት ይሄ ነው! እንከን አይወጣለትም» አለ።

ፈታኟ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ ሽታው አልመጣብህም?»

«የምን ሽታ፣ እማማ?»

ከዚያው ጠላ ተቀድቶ ለሕዝቡ ዞረ። የቀመሰ ሁሉ እንትፍ አለ። የከረመ አተላ፣ የሻገተ ነገር ይሸታል።

«ማነች ይህን የጠመቀችው?» ብሎ ሰውየው ተቆጣ። መጋረጃው ሲገለጥ፣ ከእንስራው አጠገብ የቆመችው ሚስቱ ናት።

«ለፈተናው የተበላሸ ጠላ ያላት ታምጣ ሲባል እኔ አመጣሁ» አለችው። «ጋናችን ውስጡ ተሰንጥቆ አተላ ይዟል፣ በግራዋ ቅጠል ባጥበውም አልጠራ አለኝ፣ ሌላ እንግዛ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? ምን ሆነና! ነው ያልከኝ።»

 ያን ጊዜ መበለቲቱ ከሕዝቡ መሀል ተነሥታ «የኔ ጠላ የጎደለው ይሄ ሽታ ኖሯል?» አለች።  

ልጄ፣ አንተም ወጉን ሥርዐቱን አጥንተሃል፤ እሰየው። ነገ ግን ፊትህ የሚቆመው ወንድምህን የከሰሰ ጎረቤታችሁ ነው፤ «የተከሳሹ ወንድም ነው» ሳይል አምኖ መርጦሃል። የጎረቤትህ ጥፋት ገና ከበር ይሸትሃል። የወንድምህ አይሸትህም፤ አብረኸው አድገህበታላ። እንግዲህ መዘጋጀት ከፈለግህ ዛሬውኑ ከሳሹ ዘንድ ሂድና «የኛ ቤት ምን ምን ይሸታል?» ብለህ ጠይቀው። ሲነግርህ ደግሞ፣ ምን ሆነና! አትበለው።