ስሜ ተሰረቀ ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ ጉልበቷ የከዳት አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጎትተው የኖረችውን ጋሪ መጎተት ሲያቅታት ማከራየት ጀመረች። ከዚያ ጋሪ ሌላ ጧሪ አልነበራትም። ተከራይ ሁሉ መያዣ ያስቀምጣል፤ ጋሪውን ሲመልስ መያዣውን ይወስዳል።

አንድ ማለዳ አያ ጅቦ መጣና ለገበያ እንደሚፈልገው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም እንደሚመልሰው ነገራት። አህያ ጅብን ማመን አልወደደችም፤ ግን ሰሞኑን ተከራይ ጠፍቶባት ነበርና መያዣ ጠየቀችው። ጅቦ አንድ የደረቀ የበሬ ታፋ አመጣ። ሊሰጣት እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው፣ ከዳሩ አንዴ ገመጠ፤ ከዚያ እንባ እየተናነቀው አስረከባት። ጋሪውን ይዞ እልም አለ።

ፀሐይ ጠለቀች፤ ሳምንትም አለፈ። አህያ ወደ ጅቦ ዋሻ ሄዳ ከሩቅ ቆማ ብትጣራ፣ ጋሪ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። እሷም ለአንበሳ ከሰሰች።

በዚያ አገር ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ገመድ ታስረው፣ ቁራኛ ሆነው ነው ችሎት የሚቀርቡት። ጅቦ መንገዱን ሙሉ ጭኗን ጭኗን ሲያይ ዋለ። ምስኪን አህያ ምነው ባልከሰስኩ እያለች በድን ሆና ደረሰች።

ችሎት ፊት ጅቦ ከከሳሿ ብሶ አለቀሰ።

«ጌታዬ፣ ሁለታችንም ተሰርቀናል። እሷ ጋሪዋን፣ እኔ ስሜን። አንድ ቀጣፊ መልኬን መስሎ፣ ድምፄን አስመስሎ፣ አያ ጅቦ ነኝ ብሎ ተከራይቷል። እኔ ያን ቀን ዘመድ ጥየቃ ቆላ ወርጄ ነበር።»

ለጠፋው መልካም ስሙም ካሳ ጠየቀ። ስሙ መልካም የነበረው መቼ እንደሆነ የጠየቀው ግን የለም። አንበሳ ጎፈሩን አከከ። ምስክር የለም፤ ምስክር ከሌለ ጅቦን መልቀቁ ነው። የአህያ ጆሮዎች ወደ ታች ወረዱ። ጧሪዋ እንደወጣ ሊቀር ነው።

ይሄኔ የችሎቱ ጸሐፊ ቀበሮ አህያ ስትከስ ያስረከበችውን መያዣ ከከረጢቱ አውጥቶ አንበሳ ፊት አኖረው። ሽታው ችሎቱን ሞላው፤ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

«ጌታዬ፣» አለ ቀበሮ፣ «አያ ጅቦ እውነቱን ይሆናል። እንግዲያው ይህ ታፋ የዚያ ቀጣፊ ነውና ለአሞራ ይጣል።»

ጅቦ መሬት መሬት እያየ ይጣል አለ።

ቀበሮ ታፋውን አገላበጠው። «ለነገሩ ለአሞራም አይሆን። ዳሩን አይጥ በልታዋለች።»

«የምን አይጥ! እኔ ነኝ የገመጥኩት! ሳስረክባት ጊዜ፣ አንዴ ብቻ!»

ጅቦ የተናገረውን ከሁሉም ዘግይቶ ሰማው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጋሪው የተገኘው ወንዝ ማዶ ነው። ጅቦ ማንም በማያውቀው አገር ባለጋሪ ነኝ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ እያለ ሲኮራበት ሰንብቷል። የጋሪውን የቆዳ ጠፍር በሙሉ ግን በልቶታል። አንበሳም ታፋውን ለዳኝነቱ ወሰደ፤ ዳኛም ሆድ አለው። ጅቦ ደግሞ ጠፍሩን በአዲስ ተክቶ፣ ዓመት ሙሉ ጋሪውን ራሱ እንዲጎትትላት ፈረደበት።

አህያም ዕድሜዋን ሙሉ ስትጎትተው በኖረችው ጋሪ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥታ ተቀመጠች። «ቀስ በል አያ ጅቦ፣ አሮጊት ጭነሃል» ትለዋለች። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አያ ጅቦ አይደለህም ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ አንገቱን ደፍቶ እሱ እንዳልሆነ ይምላል። የሚያምነው ግን አላገኘም።

ከዚህ የምንማረው፣ ውሸታም፣ ዳኛን ቢያታልል እንኳ፣ የገዛ ሆዱን ማታለል እንደማይችል ነው።