የአቶ ድንበሩ ግምገማ

አፉ የማያርፍ አንድ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ አቶ ድንበሩ፣ መምህሩ ሲያስተምር አይተው ሊገመግሙት መጡ። ዝቅ ያለ ነጥብ ከሰጡት፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ወደ በረሃ መዛወሩ ነው። ሰውየው ከኋላ ወንበር ላይ ጉብ አሉና ትምህርቱ ገና ሳይሟሟቅ ማንኮራፋት ጀመሩ። የነቁት ደወል ሲደወል ነው።

ከዚያ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ተማሪዎችህ አፍ የላቸውም እንዴ? አንድም ሲመልስ አልሰማሁ! የተማሪ ተሳትፎ፣ ዜሮ! የምትለው አለህ?» አሉት።

መምህሩ በረሃው ታየው፤ ምላሱ ግን ቀደመው።

«ኧረ ሁሉም መልሰዋል ጌታዬ፤ እንግዳ እንዳንቀሰቅስ ብለው በሹክሹክታ ነው እንጂ። ጮክ ብለው የተሳተፉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»