የቀኝ ጉልበቷ

በአንድ ወቅት፣ ሦስት ልጆቿ በአንድ ጉልበቷ የተጣሉባት እናት ነበረች። ውድነሽ ትባላለች። ሙሽራ የእናቱን ጉልበት ስሞ ሳይመረቅ ከቤት አይወጣምና፣ ሁለቱ ልጆቿ ሲዳሩ ቀኝ ጉልበቷን ስመው ነው የወጡት።

ያ ጉልበት ከዳት።

የበኩር ልጇ መክብብ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኛት።

«እማዬ፣ ሐኪሙ እንዳለው ከጉልበትሽ የተበላው ግማሹ ነው። በብረት የሚተካውም እሱ ብቻ ነው።»

«ግማሽ ጎማ መቀየር አለ እንዴ?»

ሳቁ። ተቀየረ። በዚያ ዓመት ገበያ በእግሯ ሄደች፤ በልጅ ልጇ ክርስትና ላይ እስክስታ መታች።

ከዚያ ብረቱ ላላ። ጉልበቷ አበጠ። «ሁለተኛ ቢላ አይነካኝም» ብላ ማለች። ልጇ የምሥራች መሐላዋን አከበረችላትና ወጌሻ አመጣች። ውስጡ ብረት እንዳለ ግን አልነገረችውም፤ ከሰማ እጁን አያሳርፍበትም ብላ። ወጌሻው በቅቤ አሸው፣ ሳበው። ውድነሽ ጮኸች። ከዚያ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። የምሥራች እግሯን ታቅፋ አደረች።

በሳምንቱ ጠባሳው ተከፍቶ መግል ወጣ።

ትንሹ ልጇ ዳግም ይባላል፤ ሠርጉ ደርሶ ነበር። ሠርጉን ትቶ እናቱን አዘላት።

«አውርደኝ! ልጄ አይደለህም!»

«ልጅሽ ባልሆን እሸከምሽ ነበር?»

ሐኪም ቤት ወስዶ፣ ፈርሞ አስቀደዳት። ብረቱ ወጣ፤ ነፍሷ ተረፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችውም።

መግሉ ግን አጥንት ገብቶ ነበር። ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ይሁን፣ ከእሽቱ ይሁን፣ ሐኪሙም አላወቀም። ዛሬ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ይቆረጣል።

«ይህ ጉልበት ሳይሳም አይሄድም» አለች ውድነሽ።

ነርሷ በሩን ገርበብ አደረገች። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው፣ እናቴ። ማንን ልጥራልዎት?»

ከውጭ ድምፃቸው ይሰማል።

«ዓመት ሙሉ ያስኬድኳት እኔ ነኝ» ይላል መክብብ።

«ቃሏን የጠበቅኩላት እኔ ነኝ» ትላለች የምሥራች፤ ለቅሶ ያቋርጣታል።

«እናንተ ስማችሁታል» ይላል ዳግም። «እኔ ገና አልሳምኩትም።»

ውድነሽ ብርድ ልብሱን ገፍታ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ይሞቃል። የታመመ ልጅ ግንባር ይመስላል።

ነርሷ ትጠብቃለች። ያን ጉልበት ለመጨረሻ ጊዜ ስሞ ምርቃቷን መቀበል የሚገባው የትኛው ልጅ ነው?