የጋሽ በሪሁን የዝናብ ሱሪ

ስሙኝማ፣ ዝናቡ ሳያቋርጠኝ ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ጋሽ በሪሁን የሚባሉ ጡረተኛ ፖስተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ሲያደርሱ ኖረው፣ ጡረታ ቢወጡም ከብስክሌታቸው አልወረዱም። ባጃጅ ይግቡ ሲሏቸው፣ «እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ የምጫነው?» ይላሉ። በሐምሌ ዶፍ እንኳ ከላይ የፕላስቲክ ካፖርት፣ ከታች ተራ ሱሪ አድርገው ይነዳሉ። ከወገብ በላይ ሚኒስትር፣ ከወገብ በታች ከወንዝ የወጣ በሬ!

ታዲያ የእህታቸው ልጅ፣ ደርሶልኝ የሚባለው ጎረምሳ፣ ትብለጥ የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ጋሽ በሪሁን ከሁለት ሰዎች ጋር ለሽምግልና ወደ አባቷ፣ ወደ አቶ ገበየሁ ቤት ሄዱ። በዝናብ ነድተው ስለደከማቸው ገና በሩን እንዳለፉ አዲሱ ሶፋ ላይ ዘፍ አሉ። ሲነሱ ሶፋው ላይ ኩሬ ቀረ። አቶ ገበየሁ ፊታቸውን ቋጥረው፣ «አስብበታለሁ፣ እሑድ ተመለሱ» አሉ። መኪና ያለው ሌላ ፈላጊም ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ደርሶልኝ እህል አልቀምስ አለ።

«ጋሼ፣ እሑድ እምቢ ካሉ አለቀልኝ» አለ።

«ጥፋቱ የሱሪው ነው» አሉ ጋሽ በሪሁን። «ዝናብ የማያስገባ ሱሪ ብቻ ይገኝልኝ፣ ልጅቷን አመጣልሃለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት፣ በዝናብ፣ ወደ ወዳጃቸው ወደ ልብስ ሰፊው ሙሉሰው ነዱ።

«ፕላስቲክ ይሁን?» አሉት።

«ፔዳሉን ሦስቴ ሳትረግጥ መቀመጫው ላይ ይተረተራል።»

«ጎማስ?»

«ውስጡ ትቀቀላለህ። የሚሻልህ ሸራ ነው። ከጉልበት ሰፋ፣ ከቁርጭምጭሚት ጠበብ ይላል፤ አለዚያ የብስክሌቱ ካቴና ይጎርሰዋል። ግን ሸራ የለኝም፣ አስቆርጠህ አምጣ።»

በሉ እንግዲህ። ሸራ ካልተቆረጠ ሱሪ አይሰፋም፤ ሱሪ ካልተሰፋ ሽማግሌው አይደርቁም፤ ሽማግሌው ካልደረቁ ልጅቷ አትሰጥም።

ጋሽ በሪሁን በዝናብ ወደ ሸራ ሻጯ ወደ እትዬ ጥሩአየሁ ነዱ። «ሸራውስ ሞልቷል» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። «መቀሴ ግን ዶልዱሟል፣ እንኳን ሸራ ቅቤም አይቆርጥ። ያስሉልኝና እቆርጥልዎታለሁ።»

መቀስ ካልተሳለ ሸራ አይቆረጥም፤ ሸራ ካልተቆረጠ ሱሪ አይሰፋም፤ ሱሪ ካልተሰፋ ሽማግሌው አይደርቁም፤ ሽማግሌው ካልደረቁ ልጅቷ አትሰጥም።

መቀሱን ካፖርት ኪሳቸው ከትተው፣ አሁንም በዝናብ፣ ቢላና መቀስ ወደሚስለው ወደ አያልነህ ነዱ። አያልነህ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። «የመሳያውን ድንጋይ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰብኝ» አለ። «ለምትክ የሚሆን አሮጌ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ካመጡልኝ መቀሱን እንደ ምላጭ አደርገዋለሁ።»

ከመነዳሪ ከሌለ መቀስ አይሳልም፤ መቀስ ካልተሳለ ሸራ አይቆረጥም፤ ሸራ ካልተቆረጠ ሱሪ አይሰፋም፤ ሱሪ ካልተሰፋ ሽማግሌው አይደርቁም፤ ሽማግሌው ካልደረቁ ልጅቷ አትሰጥም። ደክሟችኋል? እኔ የማወራው ደረቅ ቦታ ተቀምጬ ነው፣ እሳቸው ናቸው የሚነዱት!

ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታው ውበት ዘንድ ሲደርሱ ጫማቸው ውስጥ ውኃው ይንቦጫረቃል። «ከመነዳሪስ አለ» አለ ውበት። «ግን ማስቲሽ አልቆብኝ ደንበኛ ሁሉ እየሰደበኝ ነው። ማስቲሽ ያምጡ፣ ከመነዳሪ ይውሰዱ።»

«ማስቲሽ የት ይገኛል?»

«አቶ ገበየሁ ናቸው የሚሸጡት። ሱቃቸው ጣሪያው ስላፈሰሰ ዘግተዋል፤ ቤታቸው ይሂዱ።»

«የትብለጥ አባት?»

«ሌላ ገበየሁ አለ እንዴ?»

ኧረ ጉድ! ማስቲሽ ካልመጣ ከመነዳሪ የለም፤ ከመነዳሪ ከሌለ መቀስ አይሳልም፤ መቀስ ካልተሳለ ሸራ አይቆረጥም፤ ሸራ ካልተቆረጠ ሱሪ አይሰፋም፤ ሱሪ ካልተሰፋ ሽማግሌው አይደርቁም፤ ሽማግሌው ካልደረቁ ልጅቷ አትሰጥም። ደረቅ ሆነው ሊገቡበት የተመኙት ቤት፣ ይኸው በስብሰው ሊገቡበት ነው።

ልባቸው እየፈራ አንኳኩ። አቶ ገበየሁ ከፈቱ።

«ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።»

ጋሽ በሪሁን ሶፋውን አዩት። ሱሪያቸውንም አዩት። «አልቀመጥም» አሉ።

«ኧረ በሞቴ!»

«አይሆንም። ትንሽ ነገር ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ እዚሁ ቆሜ ልጨርስ።»

ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ውኃው ከሱሪያቸው ጠብ ጠብ ይላል። አቶ ገበየሁ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው፤ ቀስ በቀስ ፊታቸው ተፈታ።

«አቶ በሪሁን፣ እውነቱን ልንገርዎ። ባለፈው ቅር ብሎኝ ነበር። ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ይቀመጣል? እርስዎ ግን ገና ከመግባትዎ ዘፍ አሉ። ልጄን የናቋት መስሎኝ አዘንኩ።»

«ውኃውስ? ሶፋውስ?»

«የምን ውኃ? ሐምሌ አይደል እንዴ? ማን ደረቅ አለ? ዛሬ ግን እሑድን እንኳ ሳይጠብቁ፣ ብቻዎን፣ በዚህ ዶፍ መጥተው፣ ቁጭ ይበሉ ብልዎት እምቢ አሉኝ። ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ! አሁን ይቀመጡ።»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ በሪሁን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ እንደ ምንም፣ እንባቸው ከዝናቡ ጋር እየተቀላቀለ። ቀጥለው ግን፣ «ማስቲሹስ?» አሉ።

ማስቲሹን ትብለጥ ራሷ እየሳቀች አመጣችው። ማስቲሽ ተገኘ፣ ከመነዳሪ መጣ፤ ከመነዳሪ መጣ፣ መቀስ ተሳለ፤ መቀስ ተሳለ፣ ሸራ ተቆረጠ፤ ሸራ ተቆረጠ፣ ሱሪ ተሰፋ። ከጉልበት ሰፋ፣ ከቁርጭምጭሚት ጠበብ ያለ፣ ጠብታ የማያስገባ ሱሪ!

እሑድ፣ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ፣ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ያን ዕለት ዝናብ የሚባል ነገር የለም፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጋሽ በሪሁን ግን ያን ያህል የተለፋበትን ሱሪ ቤት አይተዉትም። ለብሰውት ነዱ። ከቁርጭምጭሚታቸው ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አራሰዎት?» አሉ አቶ ገበየሁ።

«ሱሪው ነው» አሉ ጋሽ በሪሁን። አልተቀመጡም።

ተረቴ እዚህ ላይ አባራ፤ እናንተም ጃንጥላችሁን እጠፉ።