አጣቢው ቢያዝንና የአባ ጓንጉል ጋቢ

ይኼ ዛሬ ሰባት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዋርካ፣ ሦስት ሰው ያቅፈው በነበረ ጊዜ ነው ልጆቼ። አባቴ ከአባቱ ሰማ፣ እኔ ከአባቴ ሰማሁ፣ እናንተ ደግሞ ከእኔ ስሙ።

በዚያን ዘመን ቢያዝን የሚባል ልብስ አጣቢ ነበር። ርስት የለው፣ በሬ የለው። ያለው ሁለት እግሩና አንዲት አህያ ነበር። የሰው ልብስ ጭኖ ወንዝ ይወርዳል፤ ከድንጋይ ገንዳ ይከተዋል፤ የተወቀጠ እንዶድ ይጨምርበታል፤ አረፋው ቁርጭምጭሚቱ ሲደርስ እያንጎራጎረ ይረግጠዋል። ሸንጎ ሲቀመጥ የእሱ ቦታ ከዳር፣ አህዮች ከሚታሰሩበት ነው። ሐሳቡን የሚጠይቀው አልነበረም። የመንደሩን ምስጢር ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ይዋሻል፤ ልብሱ አይዋሽም።

አባ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌም ነበሩ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር በድንበር ሲጣሉ፣ የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ ከሥሩ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው ከዋርካው ሥር ከተቀመጡ ዱላ አይነሳም። የሸንጎው ደንብ ግን ጥብቅ ነበር። ጠዋት የተቀመጠ ሽማግሌ ነገሩ አልቆ ሳይመረቅ አይነሳም። በመሐል ከተነሳ ቃሉ ይወድቃል። ያን ደንብ የሠሩት ሰዎች ብልሆች ነበሩ ይባላል። ሰው እንደሚያረጅ ግን ረስተውታል።

አንድ በጋ ቢያዝን የአባ ጓንጉልን ልብስ ሲፈታ ጠረኑ ተለየበት። ሱሪው ከፊቱ ቢጫ ነው። ጋቢውም ከሥሩ እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ። ገባው፤ ሽማግሌውን ሽንት ያመልጣቸዋል።

ምን አደረገ? ሆድ ይፍጀው አለ። አክብሮት መሰለው። ሰው ሽታውን እንዳያውቅባቸው አንድ እፍኝ የነበረውን እንዶድ ሁለት አደረገው። ቀጥሎ ሦስት አደረገው። የእንዶዱ ሽታ እንዲሸፍንላቸው ብሎ ሳያለቀልቅ ያሰጣው ጀመር። ልብሱ ነጣ። ደግ የሠራ መስሎት ደስ አለው።

ብዙ ሳይቆይ አባ ጓንጉል ከዋርካው ቀሩ። ሲጠየቁ «ጉልበቴን» አሉ። ቢያዝን ጉልበታቸው እንዳልሆነ ያውቃል። ዝም አለ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በመኸሩ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር በአንዲት የድንበር ድንጋይ ተጣሉ። «አባ ጓንጉል ይምጡ» ተባለ። «ጉልበቴን» አሉ። ዱላ ተነሳ። አንዳርጌ የሚባል፣ የመበለቲቱ የማንጠግቦሽ አንድ ልጅ፣ እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ወድቆ ቀረ።

ማንጠግቦሽ የልጇን እጀ ጠባብ ይዛ ወንዝ ወረደች።

«እጠብልኝ ቢያዝን» አለችው። «ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።»

ቢያዝን ረገጠ። እንዶድ ጨመረ። ረገጠ። ዳግመኛ እንዶድ ጨመረ። ደሙ ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። እዚያው ገንዳው ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። «‹አውቃለሁ› የምትለዋን አንዲት ቃል አባ ጓንጉል ደጅ ሄጄ ብናገራት ኖሮ ይኼ ልብስ እዚህ ባልመጣ» አለ። ልክ ነበር። እኔም ስነግራችሁ ያመኛል።

ያንኑ ዕለት እግሩ ሳይደርቅ አባ ጓንጉል ቤት ሄደ። ጎንበስ ብሎ ከበሩ ቆመ።

«አባቴ፣ ጉልበትዎን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልብስዎን የማጥበው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው በእጃቸው ጠርተው አስገቡት። «ካወቅህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ጭናቸው በሁለቱም ወገን ተልጦ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል። «እግዜር ቀጥቶኝ ነው ልጄ። ሽንቱ ይደርቅልኝ እንደሆነ ብዬ ውኃ መጠጣት ተውኩ። ጭራሽ እሳት ሆኖ ይወርዳል።»

ቢያዝን የሱሪያቸውን ጫፍ አሸተተ። እንዶድ፣ እንዶድ ብቻ ሸተተው።

«እግዜር አይደለም አባቴ» አለ። «እኔ ነኝ፤ ያላለቀለቅሁት እንዶድ ነው ያቃጠለዎት።»

ልብሱን ሁሉ ሰብስቦ ወንዝ ወሰደ። እንዶድ ደርቆበት የነጣውን በንጹሕ ውኃ ሰባት ጊዜ አለቀለቀው፤ ጠንካራ ፀሐይ ላይም አሰጣው። የራሱን አሮጌ ሸማ ቀደደ። አጠበና ደርቦ ደራርቦ አጠፈው፤ ውስጥ ለውስጥ ሆኖ ሽንቱን እንዲመጥጥላቸው። «እርጥብ ጨርቅ ገላዎ ላይ አይዋል» አላቸው። ሲረጥብ ይለውጣል። ለብ ባለ ውኃ ሳያሽ ያጥባቸዋል፣ በለስላሳ ጨርቅ እየነካካ ያደርቃቸዋል፣ ጨው ያልነካው ቅቤ ስስ አድርጎ ይቀባቸዋል። ውኃውንም ቀን ቀን በጥቂት በጥቂቱ ያጠጣቸዋል። ሽንቱ ሳይመጣባቸው ቀድመው እንዲወጡም ጥላ እየቆጠረ ያስነሳቸዋል። በአርባ ቀኑ ቁስሉ ጠገገ። ሽንቱ ግን ፈጽሞ አልተወም። እርጅና ነዋ።

ከዚያ የደሙ ሸንጎ ተጠራ። የሟች ወገን ሽመሉን ይዞ በአንድ በኩል ተቀመጠ፤ የገዳይ ወገን በሌላ በኩል። ያን ዕለት እርቅ ካልወረደ ሌላ ሬሳ እንደሚነሳ ሁሉም ያውቃል። አባ ጓንጉል መጥተው ከአሥራ ሁለቱ ሽማግሌዎች መሐል ተቀመጡ። ሙግቱ ተጀመረ። ጥላው ሄደ። ሙግቱ አላለቀም። ቢያዝን ከዳር ሆኖ አየ፤ የአባ ጓንጉል ጣቶች የጋቢውን ጫፍ አንቀው ይዘዋል።

ቢያዝን ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለ ሸንጎውን የሚመራው ዳኛ።

«ሽንቴ መጣ።»

ሸንጎው ሳቀ። «ይሂድ፣ አጣቢ ምን ቃል አለውና ይወድቃል?» አለ አንዱ።

ቢያዝን አልሄደም። «እውነት ነው፣ ቃል የለኝም» አለ። «ግን የሁላችሁንም ልብስ አጥባለሁ። አሥራ ሁለት ሽማግሌ ተቀምጧል። እንደኔ መነሳት እየፈለገ የተቀመጠው አንድ ብቻ አይደለም። ስም አልጠራም።»

ሳቁ ቆመ። አባ ጓንጉል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። «አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። «ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።» ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ተነሳ። ቀጥሎ ሌላ። በመጨረሻ ዳኛውም ተነሳ፤ ያን ጊዜ ሸንጎው በሙሉ ተነሳ፤ ሁሉም ከተነሳ የማን ቃል ይወድቃል?

ሲመለሱ አባ ጓንጉል ድንጋዩን ከነታሪኩ ተናገሩ። ድንበሩ ታወቀ፤ ሽመሉ ወረደ፤ እርቅ ሆነ።

ማንጠግቦሽ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ወደ መሐል ገባች። «ይኼን መነሳት ቀደም ብላችሁ ብትነሱት ምን ነበረበት?» አለች።

የመለሰላት ቢያዝን ነው።

«ዘገየን» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። ሰው ሲያመሰግነው አይወድም ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ የኔም እንዲሁ ነው» ይላል። የማንጠግቦሽን ልብስ እስኪሞት ድረስ በነጻ አጠበላት። ይቅር በይኝ አላላትም፤ እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አላለችው። በየሳምንቱ ግን ልብሷን ትልክለት ነበር።

እስከ ዛሬ እዚህ ዋርካ ሥር፣ ሙግቱ የቱንም ያህል ቢከር፣ ጥላው ከዋርካው ትልቅ ሥር ላይ ሲደርስ ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ሰው ቀድሞ ይነሳል። ከዚያ ሁሉም ይነሳል። ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። ሲመለሱ እጃቸውን በንጹሕ ውኃ ይታጠባሉ። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡት «ዘገየን» ይላሉ። ሸንጎውም «ዘገየን» ብሎ ይመልሳል። ይኼ ሳይባል ማንም አይቀመጥም።