አፈርን ጉብታ

ከወይብላ መንደር ራስጌ ያለውን ጉብታ አገሬው «አፈርን» ይለዋል። አላፊ አግዳሚው ስሙ ከአፈሩ ለምነት የመጣ ይመስለዋል፤ ይምሰለው! ሽማግሎቹ የሚያወሩት ግን ስለ ነውር ነው።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ደርሶ የሚባል ጭቃ ሹም ነበር፤ ግብር ከመሰብሰብ ይልቅ ዜማ መሰብሰብ የሚቀናው ሰው። ከአገር አገር ይዞር የነበረውን አዝማሪ ሙጬን ለምኖ ወይብላ አስቀመጠው፣ ጎጆ ቀለሰለት፣ የመንደሩንም ጎረምሶች እየጎተተ ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ማሲንቆ አስያዛቸው። ፀጉሩ በዚሁ ሥራ ሸበተ ይባላል።

ወይብላዎች ደግሞ ጉዳቸው! በሙጬ ዜማ እየጨፈሩ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ጠላ ሲሰጡት ግን ለብቻው በተለየች ሰባራ ቅል ነው። ደርሶ ያችን ቅል ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል፤ ቢሆንም ለሰርጉ ሲል ዋጥ ያደርገዋል።

ሙጬ ሞተ። የመንደሩ ባለጸጋ ባላምባራስ ጓንጉል «አዝማሪ ከአባቶቻችን አጥንት ጋር አይተኛም» አለ፤ ሰዉም አንገቱን ደፋ። ደርሶ ዞር ቢል ጎረምሶቹ ማሲንቋቸውን ጋቢያቸው ሥር ሲሸሽጉ አየ። ያን ጊዜ ገባው፤ ሙጬ እንደ ውሻ ከተጣለ ከእንግዲህ ማን ልጁን ማሲንቆ ያስይዛል? ዕድሜ ልኩን የደከመበት ሁሉ አብሮ ሊቀበር ነው።

«እናንተ ውለታ ቢሶች!» ብሎ ጮኸባቸው። ሬሳውን ከገዛ ወንድሙ ጋር ተሸክሞ ጉብታው ላይ ቀበረው፤ ከዚያም በጭፈራ ቤት ለአዝማሪ ግጥም እንደሚሰጥ፣ ከታች ለቆመው ሕዝብ ግጥም ሰጠ፦

«በማሲንቆው ዜማ ልጅ እየዳራችሁ፣
ሙጬ የሞተ ቀን ምነው አፈራችሁ?
ተቀበሉ!»

ማን ይቀበል! ሰሙ መሬታቸው፣ ወርቁ ዕፍረታቸው። ደርሶም «ይህን ግጥም ያልተቀበለ አባት፣ እኔ በተሾምኩበት አገር ለልጁ ከበሮ አይመታላትም!» ብሎ ማለ።

ከዚያ ወዲያ የወይብላ ሰርግ ለቅሶ ቤት መሰለ ይላሉ። ኧረ ለቅሶስ ሙሾ አለው! በመጨረሻ የባላምባራስ ጓንጉል ልጅ የአትጠገብ ሰርግ ደረሰ፤ እሷም «እንደ ሌባ በጓሮ አልወጣም» ብላ ከእልፍኝ አልነቃነቅ አለች። አባቷ የሚይዝ የሚጨብጠው ቢያጣ ጉብታውን እያለከለከ ወጣ፤ ሙሽሪትም እግር በእግር ተከተለችው።

ደርሶ ከሙጬ መቃብር አጠገብ ቆሞ ግጥሙን ሰጠ። ባላምባራስም፣ አዝማሪ ሲቀበል ቃል አይለውጥምና፣ «ምነው አፈራችሁ» ብሎ እንዳለ ደገመው።

«ማንን ነው ‹አፈራችሁ› የሚሉት?» ደርሶ አፈጠጠበት። «እርስዎ የየት አገር ሰው ነዎት?»

ባላምባራስ ልጁን አያት፣ መቃብሩን አየ።

«ሙጬ የሞተ ቀን… አፈርን» አለ።

ግጥሙ ቤት አልመታም። ማንም ግን አላረመውም፤ ከበሮው ተመታ፣ ጎረምሶቹም ማሲንቋቸውን ከጋቢያቸው አወጡ።

ደርሶ ሲሞት ከአባቶች አጥንት ጋር ቦታ ቢሰጡት «ለእኔ የሙጬ ጎን ይበቃኛል» ብሎ ተናዝዞ ነበርና እዚያው ጉብታው ላይ ነው ይባላል። ዛሬም ከወይብላ የምትወጣ ሙሽራ በቅሎዋ ጉብታው ሥር ትቆማለች፤ ሽማግሎች ከላይ ሆነው ግጥሙን ይሰጣሉ፣ አባቷ ይቀበላል። የመጨረሻዋን ቃል በጉሮሮው አፍኖ ሊያመልጥ የሚሞክር አይጠፋም።

«አልሰማንም!» ይሉታል። «ተቀበል!»